ወንድ የተባለችው የሱሉልታ ትንኝ

ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘውዴ ሳምንት ሙሉ የቤቴ በር ተዘግቶ ስላየች፣ ገና ሻንጣዬን ሳላሳርፍ «የት ጠፍተሽ ነው?» አለችኝ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ነበርኩ አልኳት። «እዚያ ደግሞ ዘመድ አለሽ እንዴ?» የለኝም። «ታዲያ ምን ልትሠሪ?» ዝንብ ልለቅም። ወይዘሮ ዘውዴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና «ጡረታ እንዲህ ያደርጋል» አለች። ቀጥላም «ከዝንብ ማር አይጠበቅም» ብላኝ ወደ ቤቷ ገባች። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ከደሴ ንቅንቅ ለማይሉ ሁሉ ነው። ማር አላመጣሁም፣ እውነቷን ነው። የሆነውን ግን ልንገራችሁ።

ነገሩ የመጣው በሌሊሴ ነው። አባቷ መንገድ ሥራ ላይ ሆነው ደሴ ሦስት ዓመት ሲቀመጡ ባዮሎጂ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ያኔም ጥያቄዋ አያልቅም ነበር። ዛሬ ለሦስተኛ ዲግሪዋ የፍራፍሬ ዝንብ ታጠናለች፤ ዝንቧን ወንድና ሴት የሚያደርጓት ክሮሞዞሞች ከዱሮ እስከ ዛሬ እንዴት እንደተለወጡ። አምና ከሱሉልታ የያዘቻቸው ወንዶች ዋይ ክሮሞዞም ላይ የሌላ ክሮሞዞም ቁራጭ ተለጥፎ ያየች መሰላት። ሳታረጋግጥ መብራት ሁለት ቀን ጠፋና ያራባቻቸው ዝንቦች በሙሉ አለቁ። ክሮሞዞሙ የሚታየው ከሕያው እጭ ስለሆነ የሞተ ዝንብ አይረባትም። አማካሪዋ «እስከ ወሩ መጨረሻ በሕይወት ያለ ዝርያ ካላመጣሽ ሱሉልታን ከጽሑፍሽ አውጪ» አሏት። ሱሉልታ ከወጣ የሁለት ዓመት ልፋቷ ልቡ ወጣ ማለት ነው። ብርዱ ደግሞ እየገባ ነው፤ ከዚህ ሳምንት ወዲያ ዝንቦቹ እስከ በልግ አይገኙም። «ቲቸር፣ አንድ የማምነው እጅ ያስፈልገኛል» ብላ ደወለች። አብሽሪ፣ መጣሁ አልኳት።

እሁድ ገና ጎህ ሳይቀድ አውቶብስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ኮምቦልቻ ሳንደርስ ትከሻዬ ላይ ተኛ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ሲገባ እንኳን ኮቴን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ቀጠለ። ሰንዳፋ ስንደርስ ነቅቶ «ይቅርታ እናቴ፣ ተደገፍኩብዎት እንዴ?» አለኝ። ትንሽ አልኩት፤ ምን ይባላል። የሸዋ ሜዳ አንድ ነገር አሳስቦኛል። የእኛ አገር መሬት ቆሞ ነው የሚያድረው፤ ይሄኛው ተንጋሎ ተኝቷል። ለገዳዲን እስክናልፍ ድረስ ዓይኔ የደሴውን ተራራ ጦሳን የመሰለ ነገር ሲፈልግ ነበር። ሌሊሴ አውቶብስ ተራ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝና ቡራዩ የተከራየችው አንድ ክፍል ቤት ገባን። አልጋዋን ለእኔ ለቃ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፈች። ብጨቃጨቃትም አልሰማችኝም።

ሰኞ ሰበታ ሄድን። ለማወዳደሪያ ከሦስቱም ከተማ ዝንብ ያስፈልጋታል። አንድ ጁስ ቤት ደጃፍ ላይ ማንጎና ፓፓያ ተደርድሮ አየሁና፣ እኔ መቼም አፌ አያርፍም፣ ባለቤቱን «አባት፣ ዝንብ ይኖርዎታል?» አልኳቸው። ሐጂ ኑሩ ይባላሉ። ማንጎውን አስቀመጡና «የት?» አሉኝ። «እዚህ፣ ቤትዎ።» «እኔ ቤት? ዝንብ? አስተግፊሩላህ።» ወዲያው ጨርቅ አንስተው ንጹሑን ጠረጴዛ ይወለውሉት ጀመር። ከጤና ጥበቃ የመጣን መስሏቸው ፈቃዳቸውን ከግድግዳ ላይ ሊያወርዱ ሲነሱ ሌሊሴ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሁሉን ነገር አስረድታ ብልቃጦቿን አሳየቻቸው። ሐጂ ከተላጠ ሙዝ በላይ የምታንዣብበውን ደቃቃ ነገር አይተው «ይቺን ነው እንዴ ዝንብ የምትሏት? ይቺ እኮ ትንኝ ናት። ዝንብ ቆሻሻ ይከተላል፤ ትንኝ ጣፋጭ ነው የምትከተለው። ሰው ቤት ገብቶ ዝንብ አላችሁ ወይ ይባላል?» አሉ።

ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ ደሴ አልኳቸው። እሳቸው የከሚሴ ሰው ኖረዋል። ከዚያ በኋላማ ማን ይልቀቀን። ምሳ ካልበላችሁ ብለው ቤታቸው ወሰዱን፣ ሳምቡሳ ቀረበ፣ ሩዝ በሥጋ ቀረበ፤ አጎቶቼን በስም ጠየቁኝ፣ አንዱን ያውቁት ነበር። ስንወጣ የበሰበሰ ማንጎ አንድ ፌስታል ሞልተው ሰጡን። በሕይወቴ የበሰበሰ ፍሬ ተሰጥቶኝ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ የአንዱ ብልቃጥ የጥጥ ክዳን ወለቀና ሃያ የሚሆኑ ትንኞች ተሳፋሪው መሃል ተበተኑ። ሌሊሴ አንድ በአንድ በአፍ በሚሳብ ቀጭን ቱቦዋ ልትለቅማቸው ስትሞክር ኋላ ወንበር ያሉ አንድ አዛውንት «ረዳት፣ ትርፍ ጭነሃል» አሉ። ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ግን በሐፍረት አንገቴን ደፋሁ። ያን ዕለት ለሌሊሴ አንድ ምክር ሰጠኋት፤ ምክሩ ምን እንዳመጣ ኋላ ትሰማላችሁ። «ሱሉልታ ስንሄድ ዝንብ የሚለውን ቃል አናንሳ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አልኳት። እሷም ለካ አምና የሱሉልታዎቹን አስተናጋጆቿን «ስለ ገብስ ነው የማጠናው» ብላቸው ነበር። ጥሩ፣ ገብስ ይሁን ተባባልን።

ማክሰኞ ቡራዩ ዋልን። ገበያው ጥግ ከሙዝ ነጋዴዎች ዘንድ የምንፈልገውን ስንለቅም ረፈደና ከሰዓት ቤት ገብተን መለየት ጀመርን። ብልቃጡን በረዶ ላይ ስናስቀምጠው ትንኞቹ ደንዝዘው ይተኛሉ፤ ያኔ በማጉያ ይታያሉ። ወንዱ ጭራው ጠቆርና ክብ ያለ ነው፣ የፊት እግሩ ላይ ማበጠሪያ የመሰለች ጥቁር ነጥብ አለችው። የሴቷ ጭራ ሾል ያለና ነጣ ያለ ነው። እኔ በዚህ መነጽሬ ሦስቱ ላይ ተሳሳትኩ። ሌሊሴ አንዷን ዞር አድርጋ አየችና «ቲቸር፣ ይሄ ወንድ ከሆነ እኔም ወንድ ነኝ» አለችኝ። ሳቅኩ፤ ግን እኔ እኮ አስተማሪዋ ነበርኩ።

ብሶ ደግሞ፣ ሽሮ ተጥዶ እስኪበስል «ዋይ ያለው ወንድ ይሆናል ብለው አስተምረውናል አይደል?» አለችኝ። አዎ፣ ሠላሳ ዓመት። «ለሰው ልክ ነው። እነዚህ ዘንድ ግን አይሠራም።» የፍራፍሬ ዝንብን ፆታ የሚወስነው የኤክሱ ብዛት ነው አለች፤ ሁለት ኤክስ ሴት፣ አንድ ኤክስ ወንድ። ዋይ ጨርሶ ባይኖረውም ወንድ ሆኖ ይወጣል፤ ብቻ መካን ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ የስንቱን ልጅ ፈተና በቀይ ሰርዤበት ይሆን? እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ የእነሱን ታሪክ ነገረችኝ። ኤክስና ዋይ ዱሮ አንድ ዓይነት ጥንድ ነበሩ። «ከአንድ ዳዊት የተገለበጡ ሁለት ብራናዎች ያስቧቸው» አለች። እርስ በርስ እየተያዩ ሲታረሙ ስሕተት አይበረክትባቸውም። አንዱ የወንድ ብቻ ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ ሲጀምር የሚያመሳክረው አጣ። ከዚያ ወዲህ የጠፋበት ፊደል ጠፋ ነው፤ ዛሬ ዋይ ላይ የቀሩት ጥቂት መስመሮች ናቸው፣ እነሱም አብዛኞቹ ለወንዱ ዘር የሚያስፈልጉ። ሌላ ደግሞ ነጥብ የምታህል ትንሽ ክሮሞዞም አለቻቸው፤ እሷ በጥንት ዘመን ራሷ ኤክስ ነበረች፣ አሁን ተራ ሆናለች። «ጡረታ ወጥታ ነዋ» አልኳት። «የሱሉልታዎቹ ነገር የሚያጓጓኝ» አለች ሽሮውን እያማሰለች፣ «ያቺ የሌላ ክሮሞዞም ቁራጭ ዋይ ላይ የተለጠፈችው ገና በቅርቡ ከሆነ፣ ብራናው መደብዘዝ ሲጀምር እናየዋለን። ሁሌ የምናየው ካለቀ በኋላ ነው።» ዓይኗ ሲያበራ ሳይ የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ ታወሰችኝ።

ረቡዕ እንጦጦን አልፈን ሱሉልታ ወረድን። ብርድ ብርድ ነው እንግዲህ፤ የደሴ ሰው ብርድ አያውቅም እንዳትሉኝ። የእኛ ብርድ ግን ጉም ለብሶ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣ፣ የሱሉልታው ሳያንኳኳ ይገባል። ኮቴን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስክንመለስ አላወለቅኩም። ያረፍነው አዴ ብዙነሽና ባለቤታቸው ኦቦ ድሪባ ቤት ነው። አዴ ብዙነሽ ጠላ ጠምቀው ይሸጣሉ፤ ኦቦ ድሪባ ገበሬ ናቸው። በር ላይ «ባጋ ነጋን ዱፍተኒ» ብለው ተቀበሉን፤ ሌሊሴ በኦሮምኛ ስትመልስ እኔ «ገለቶማ» የምትል አንዲት የምስጋና ቃሌን ይዤ ገባሁ። አዴ ብዙነሽ እጄን አልለቅ ብለው «የአስተማሪ እጅ ይቀዘቅዛል» እያሉ ያሹኝ ነበር።

ከጓሮ የጠላው ጋን አጠገብ አተላው ላይ ትንኞቹ ነበሩ። የአምናዎቹ ዘመዶች። አዴ ብዙነሽ ገበያ ወጣ ሲሉ ጠብቀን እንደ ሌባ እየተሳሳቅን ያዝናቸው። የሰጡን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን ወንዱን ለብቻ ሴቷን ለብቻ፣ አንድ አንድ በብልቃጥ፣ ከሌሊሴ የዝንብ ገንፎ ጋር አስቀመጥን። ገንፎ ያልኩት የበቆሎ ዱቄት በስኳርና በእርሾ ተፈልቶ የሚሠራ ምግባቸውን ነው፤ ይበሉታል፣ እንቁላላቸውንም እዚያው ይጥላሉ። ወንዶቹ ላይ ቀይ ክር፣ ሴቶቹ ላይ ሰማያዊ ክር ታሰረ። ስሙን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሌሊሴ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ የመጨረሻውን ብልቃጥ አነሳሁ፤ ቀይ ክር፣ በእጄ ጽሑፍ «ወንድ»። በማጉያው ደግሜ ሳየው ጭራው ሾል ያለ፣ ነጣ ያለ። ሴት ናት። አራተኛ ስሕተቴ። የእርምጃዋን ድምፅ ሰማሁና ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ብልቃጡን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። በኋላ እጥለዋለሁ ብዬ ነው። ሌሊሴ ገብታ የቀሩትን አየችና «ቲቸር፣ ዛሬ አንድም አልተሳሳቱም» አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ላብራቶሪው ለመመለስ ስንነሳ ኦቦ ድሪባ በር ላይ ቆመው «ገብሱን ሳታዩ?» አሉ። ዓመት ሙሉ ለሌሊሴ ብለው ያልታጨደ ጥግ አቆይተውላት ኖሯል። እምቢ እንዴት ይባላል። ውርጭ ባረፈበት ማሳ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ገብስ ጎበኘን። ይሄ ለቆሎ፣ ይሄ ለጠላ፣ ይሄ ለበሶ እያሉ እያንዳንዱን ዛላ አሳዩን። ሌሊሴ ውሸቷ እንዳይታወቅባት ደብተሯን አውጥታ ትጽፋለች። «ጠይቂኝ እንጂ ልጄ፣ አንቺ ዝም ካልሽ እኔ ምኑን አውቃለሁ» ይሏታል። «አንቱ ሁሉን ነገሩኝ እኮ አባባ» ትላቸዋለች፣ አፍራ።

ስንመለስ ግቢው ታጥቧል። ጋኑ ተገልብጦ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ አተላው የለም። አዴ ብዙነሽ በኩራት ወደ ክፍላችን መሩን። ገና በሩ ሲከፈት የመድኃኒት ሽታ አፍንጫችንን መታው። «ትንኝ በዛባችሁና አፈርኩ» አሉ። «እንግዳ ቤቴ መጥቶ ከዝንብ ጋር ይደር? መድኃኒት ረጭቼላችኋለሁ። አሁን አያስቸግራችሁም።»

ብልቃጦቹ መስኮቱ ሥር እንደተደረደሩ ናቸው። ጥጥ አየር ያስገባል፤ መድኃኒትም ያስገባል። ሌሊሴ አንዱን አንስታ ነቀነቀችው። ትንኙ እንደ ጤፍ ቅንጣት ወዲያ ወዲህ ተንከባለለ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ቀይ ክር ከአንዱ ብልቃጥ ፈትታ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። አዴ ብዙነሽ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። «ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይኸው አልገባም። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ገብስ ያልነው ውሸት እንደሆነ፣ የልጅቷ ትምህርት በነዚህ ትንኞች ላይ እንደቆመ። አዴ ብዙነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ምነው ብትነግሩኝ ኖሮ፣ ቡናዬን ትቼ እነሱን ስጠብቅ እውል ነበር» አሉ። ኦቦ ድሪባ ደግሞ ከሁሉም የከነከናቸው ሌላ ነው። «ገብሱንም አልወደድሽውም ማለት ነው?» አሏት። ሌሊሴ ያን ጊዜ አለቀሰች።

እኔም አላስቻለኝም። እጄን ኮቴ ኪስ ከትቼ ብልቃጧን አወጣሁ። ከሰውነቴ ሙቀት ጋር ገብስ ስትጎበኝ የዋለችው ትንኝ ግድግዳው ላይ ትራመዳለች። «ይቺ አንዷ ብቻ ናት» አልኳት። «እሷም ሴት ናት። ተሳስቼ ወንድ ብዬ ጻፍኩባትና ካንቺ ደበቅኳት። ለምንም አትሆንሽ፤ ዋይ የላትም።» በስልሳ ሁለት ዓመቴ ተማሪዬ ፊት እንደተያዘ ልጅ ቆምኩ።

ሌሊሴ ብልቃጧን በሁለት እጇ ተቀበለችኝና ወደ ብርሃን አቀናቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። «ቲቸር» አለች፣ «ይቺን ከጋኑ ላይ ነው የያዝናት። የዱር ሴት ብቻዋን አትመጣም።» ለካ ሴቷ አንዴ ከተገናኘች የወንዱን ዘር ሆዷ ውስጥ ለቀናት ታስቀምጣለች፤ እንቁላል በጣለች ቁጥር ከዚያ ትጠቀማለች። ያላየነው የሱሉልታ ወንድ፣ ዋይውን ይዞ፣ እሷ ውስጥ አለ። ከታደልን።

ለኦቦ ድሪባ በኦሮምኛ አስረዳቻቸው። አዴ ብዙነሽ ሳያስጨርሷት ተነሱ። «ነፍሰ ጡር ናታ» አሉ። የሌሊሴ ገንፎ በሙሉ መድኃኒት ነክቶታል፤ ኪሴ ውስጥ የነበረውም ደርቋል። «ታዲያ ምን ልትበላ ነው?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ሌላኛው ቤት ገብተው ድስት ጣዱ። ኦቦ ድሪባ የገብስ ዱቄት አመጡ፣ ካሳዩን ካንዱ ማሳ። ሌሊሴ ስኳርና እርሾው ስንት እንደሆነ ስትነግራቸው አዴ ብዙነሽ በማማሰያው እየመቱ «ለአራስ ገንፎ ስንት ዓመት ገንፍቻለሁ፣ አታስተምሪኝ» አሏት። ትንሽ ቅቤ ልጨምር ወይ ብለው ግን ጠየቁ። ቅቤው ለእኛ ይሁን ተባለና ከዚያው ድስት እኛም በላን። ለትንኟ የቀረበው በፈላ ውሃ በታጠበ የሽቶ ጠርሙስ ነው።

አርብ ሌሊሴ ጠርሙሱን ብብቷ ሥር ይዛ፣ ሚኒባስ ውስጥ ማንም እንዳይነካት በክርኗ እየተከላከለች ተመለስን። ቅዳሜ እኔ ወደ ደሴ ተሳፈርኩ። በዚህኛው ጉዞ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ነቅታ ነው የመጣችው፤ እኔ ነኝ ትከሻዋ ላይ የተኛሁ።

ከዚያ ወዲህ አዴ ብዙነሽ በሁለት ቀን አንዴ ይደውሉልኛል። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ወለደች?» ነው። ገና ናት እላቸዋለሁ። ወይዘሮ ዘውዴም አጥር ላይ ተደግፋ «እነማን ናቸው ሁልጊዜ ስለ መውለድ የሚጠይቁሽ?» ትለኛለች። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሌሊሴ ደወለች። «መውጣት ጀምረዋል ቲቸር። ግን ሁሉም ሴት ናቸው።» በማግሥቱም ሴት። ሴቶቹ ቀድመው እንደሚወጡ ነግራኛለች፤ ብትነግረኝም እንቅልፍ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ሲጠራ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። «ቲቸር» አለችኝ። ከዚያ ስትስቅ ሰማኋት። «አራት ወንዶች። ጭራቸው የጠቆረ፣ ማበጠሪያቸው የታወቀ። አምስተኛው አሁን ክንፉን እየዘረጋ ነው።» ልብሱን ጣልኩት። ትክክል መሆናቸውን በደንብ አይተሻል ወይ አልኳት፤ እኔ የምጠይቅ መሆኔ ደግሞ።

«አይቻለሁ። አማካሪዬም አይተዋል» አለች። «እናትየዋን ወደ አዲስ ብልቃጥ ሳዛውራት ግን የእርስዎ ጽሑፍ አብሯት ተዛወረ። ‹ወንድ› እንደሚል ነው። አማካሪዬ ስሕተት ነው፣ አስተካክዪው አሉኝ።»

«ታዲያ አስተካክለሽዋ» አልኳት።

«አይ» አለችኝ። «መምህሬ ናቸው የጻፉት፣ አይነካም አልኳቸው።»